ጳጉሜን የማያውቀው ኮምፒዩተር

ጳጉሜ በመጣ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። ሰዉ ለበዓል በግ ሲያማርጥ፣ ሽንኩርት ተወደደ እያለ ሲነጫነጭ፣ እኔ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ጭጋጉ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሲሞላው እያየሁ እስቃለሁ። ዘንድሮም ያው ነው። ትናንት ማለዳ ዝናቡ ሲያባራ ነፋሱ የብቅል ፋብሪካውን ሽታ ይዞ መጣ፤ ያ የራሰ ገብስ ሽታ፣ ጣፋጭም ጎምዛዛም የሆነው፣ አሰላ ያደገ ሰው ዓይኑን ጨፍኖም ቢሆን የት እንዳለ የሚያውቅበት። ሽታው አፍንጫዬን ሲነካው ያ ዘመን እንዳለ ተመለሰልኝ። ያቺ ጠባብ ሱቅ፣ ያ ክርኑ ላይ የተጣፈ ቡናማ ሹራቤ፣ የጋሽ በቀለ ጥቁር ጃንጥላ፣ ደግሞም አምስቱን የጳጉሜ ቀናት ከነጭራሹ የማያውቀው ኮምፒዩተሬ።

ያኔ ሱቄ ከመናኸሪያው ወደ ፍርድ ቤቱ በሚያወጣው መንገድ ላይ ነበረች። በአንድ ጎኗ ጎሚስታ፣ በሌላው ጎኗ ልብስ ሰፊ። በሯ ላይ «ዘሀራ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ሰሌዳውን የጻፈው ሰውዬ ቦታ አልበቃ ሲለው «ኮፒ» የምትለዋን ጥግ ላይ በጥቃቅን ፊደል አጣብቋት ስለነበር፣ ስንቱ ገበሬ ፎቶ ቤት መስሎት ፀጉሩን በውሃ አርሶ አበጥሮ ገብቷል! አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ሠላሳ ሳንቲም፣ ታይፕ ሁለት ብር። ዛሬ ይህን ለደንበኞቼ ሳወራ ተረት የምነግራቸው ይመስላቸዋል። ባጃጅ ገና ብርቅ ነበር፤ መንገዱ የጋሪ ፈረሶች ነበር፤ ሲሮጡ የሚያሰሙት ቃጭል ከሻይ ቤቱ ቴፕ ከሚወጣው የኦሮምኛ ዘፈን ጋር ተቀላቅሎ ቀኑን ሙሉ ጆሮ ውስጥ ይውላል። ሴቱ ሁሉ በረጅም ቀሚስ ላይ የወንድ ኮት ይደርባል። የአሰላ ብርድ ለፋሽን ቦታ አይሰጥም፤ ያኔም፣ ዛሬም።

የእኔ ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ታይፕ ያስተማሩኝ ጋሽ በቀለ ናቸው። ጋሽ በቀለ ፍርድ ቤቱ በር ላይ በዚያ በጥቁር ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው የባለጉዳይ አቤቱታ የሚጽፉ ራፖር ጸሐፊ ነበሩ። እሳቸው በእጃቸው ያረቅቃሉ፣ እኔ በኮምፒዩተር አትማለሁ። የእሳቸው አቤቱታ ከቀረ ሱቋም ቀረች ማለት ነው። ኮምፒዩተሩን የገዛሁ ሰሞን፣ ማሽኑ በደብዳቤ ራስጌ ላይ ቀኑን በራሱ እንደሚጽፍ በኩራት ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና፣ «አንቺ ዘሀራ፣ ይሄ እኮ የፈረንጅ ቀን ነው። ዳኛው ፊት ብናቀርበው መልሰው ይወረውሩብናል» አሉ። እዚያው ተቀምጠን የማሽኑን ቀን በእኛ አቆጣጠር ሞላነው። ሰባት ዓመት ከምናምን ወር ወደ ኋላ መለስነው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤዎቼ ሁሉ ትክክለኛውን ቀን ይዘው ይወጡ ነበር። ትንሽ አመል ነበረው፤ የፈረንጅ ወር እየመሰለው መስከረምን ሠላሳ አንድ ያደርጋል፣ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ የሚባል ቀን አልሰማሁም ይላል፣ ያን ጊዜ በእጄ አስተካክላለሁ። ጳጉሜ ሲመጣ ግን የሚስተካከል ነገር የለም፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የሚባል ለማሽን አይገባውም። አምስቱን ቀን ማሽኑን ትቼ በእጄ እጽፋለሁ። ይህን ዓመታት ስላደረግኩት፣ እንደ ማንኛውም የቤት አመል ተላመድኩትና ረሳሁት። መርሳቴን ያዙልኝ፤ ኋላ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው።

ነፃ ሶፍትዌር የሚባለውን ያወቅኩት በቫይረስ ምክንያት ነው። ያኔ በየፍላሹ የማይመጣ በሽታ አልነበረም፤ አንድ ቀን ጠዋት ስከፍት የሰው ሁሉ ማመልከቻ ድራሹ ጠፋ። ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ ቀያሽ ይህን አይቶ አዘነልኝና አንድ ሲዲ ሰጠኝ። በነፃ የሚታደል፣ በየአገሩ ያሉ ፈቃደኞች የሚሠሩት የኮምፒዩተር ሥርዓት ነበር፤ ጽሕፈቱም፣ ሒሳቡም፣ ሥዕሉም እዚያው ሲዲ ላይ ተጠቅልሎ ይመጣል፤ የፈለግሽውን በስሙ ትጠሪዋለሽ፣ ራሱን ይተክላል። መመሪያውን ገጽ በገጽ አትሜ፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት ማንበብ ያዝኩ። እንግሊዝኛዬም የመጣው ከዚያ ነው፤ እስከ ዛሬ ስናገር የመመሪያ ወሬ ይመስላል ይሉኛል።

ታዲያ አንድ ቀን መምህር ገመቹ ፈተና ሊያባዛ ከሲሬ መጣ። ሲሬ ሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር፣ ቀጭን፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ ወጣት ነበር። ወረቀቱ እስኪወጣ ስክሪኔን አየና ጮኸ።

«እትዬ ዘሀራ! እርስዎም ይሄን ነው የሚጠቀሙት? እኛ ጋ አሥራ ሁለት አሮጌ ኮምፒዩተሮች አሉ፣ ሁሉም ላይ ይሄው ነው የተጫነው።»

«ታዲያ ምን ታስተምሩበታላችሁ?»

«ምንም! ማብራትና ማጥፋት። ፕሮግራም መጻፍ ላስተምር ብል ኦርቢ የምትባለዋ ቋንቋ ሲዲው ላይ የለችም። ለጀማሪ እንደሷ የሚቀል የለም፣ መጽሐፏም አለኝ። በፍላሽ ይዤ ብሄድ ይሄን አምጣ ትላለች፤ ያንን ሳመጣ ሌላ አምጣ ትላለች። ሲሬ ደግሞ ኢንተርኔት የለ። ርዕሰ መምህሩ ምን አለኝ መሰለዎት? እስከ መጪው ዓመት ሁለተኛ መንፈቅ ካላስተማርክበት ክፍሉን የዴስክ መጋዘን አደርገዋለሁ!»

እንዲህ ሲለኝ የታየኝ ያ ክፍል ነው። የእኔ ትምህርት ስምንተኛ ላይ ሲቆም እንዲህ ያለ ክፍል ቢኖር ኖሮ እያልኩ። ሲዲውን ለሚያዘጋጁት ሰዎች ደብዳቤ ጻፍኩ፤ እባካችሁ ኦርቢን ሲዲው ላይ ጨምሩልን አልኩ። መልሱ በማግስቱ መጣ። ሄንሪክ የሚባል፣ የሚገባውንና የማይገባውን ጥቅል የሚመረምር ሰው ነበር የጻፈው። «አቶ ዘሀራ፣ እኛ ጋ የሚጨምር ሌላ ሰው የለም፤ የፈለገ ሰው ራሱ ያዘጋጃል። ለሚቀጥለው ሲዲ በሩ የሚዘጋው በዚህ ቀን ነው።» ቀኑን ወደ እኛ ስመልሰው ጳጉሜ ሦስት ወጣ። ጊዜው ሰኔ ነበር።

ጥቅል ማዘጋጀት ምንድን ነው ለሚል፣ ለአርሲ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ ጭኮ ነው። መንገደኛ ገብስ ተሸክሞ ቢሄድ ምን ያደርግለታል? መቁያ፣ ወፍጮ፣ ቅቤ ያስፈልገዋል። አንቺ ግን ቆልተሽ፣ ፈጭተሽ፣ በቅቤ አሽተሽ፣ በዕቃው አድርገሽ ከሰጠሽው የትም ቁጭ ብሎ ይበላል። የኦርቢ ጥሬው በየትኛውም ቦታ ይገኝ ነበር፤ ጭኮ ያደረገው ሰው ግን አልነበረም። እሷ የምትፈልጋቸውን ነገሮች ሁሉ በስም ዘርዝሬ፣ የየትኛው ክፍል ባለቤት ማን እንደሆነ፣ በምን ፈቃድ እንደሰጠ ጽፌ፣ ማንኛውም ማሽን ከጥሬው ተነስቶ ራሱ እንዲያዘጋጃት ትእዛዝ ማስያዝ ነበረብኝ። ኢንተርኔት ለመጠቀም መናኸሪያው ጎን ያለው ኢንተርኔት ቤት በፍላሽ እመላለሳለሁ፤ በደቂቃ ነበር የሚያስከፍሉት፣ እኔ ደግሞ ደብዳቤውን ሱቅ ጽፌ ሄጄ ለጥፌ እሮጣለሁ። ሄንሪክ አንዱን ሲመልስ ሌላውን ሲመልስ ሐምሌ አለቀ። ፈቃዱ ጎደለ፣ መግለጫው ረዘመ፣ ይሄ ስም አይሆንም። ሴት መሆኔን ሲሰማ ይቅርታ ጠየቀ፤ መመለሱን ግን አልተወም። ወደድኩት።

የከፋው ግን ሌላ ነበር። የኔው ማሽን ኦርቢን አላዘጋጅም አለ። ይጀምራል፣ ይዞራል፣ መልሶ ይጀምራል፣ ማለቂያ የለውም። እየዞረም አንድ ነገር ይጽፋል፦ «ይህ ፋይል የተጻፈው ገና ባልመጣ ጊዜ ነው።» ጋሽ በቀለን ጠርቼ አሳየኋቸው።

«ገና ያልተጻፈ ደብዳቤ ደርሶሻል ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«ቢስሚላሂ በይበት በቃ፣ እኔም በበኩሌ አማትባለሁ» አሉና ሳቁብኝ።

የማሽኑን ልፍለፋ ሁሉ ለሄንሪክ ላክሁለት። መልሱ አጭር ነበር። «የላክሽልኝ ጽሑፍ ላይ ያለው ቀን ኦርቢ ከመፈጠሯ በፊት ነው። የኮምፒዩተርሽ ባትሪ ሞቷል?» ተናደድኩ። ባትሪው ደህና ነው፣ ቀኑም ትክክል ነው፣ ዛሬ እኛ ጋ ነሐሴ አምስት ነው ብዬ ጻፍኩለት። ጽፌ ልለጥፈው ስል እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ። ነሐሴ አምስት! እኔና ጋሽ በቀለ! ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ የመለስነው ማሽን! ጥሬው የመጣው ከፈረንጅ ቀን ነው፤ ለእኔ ማሽን ከነገ ወዲያ የመጣ ነበር። ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ብቻዬን እስኪያንቀኝ ሳቅሁ፤ አስተናጋጇ ውሃ አመጣችልኝ።

ሮጬ ሄጄ ቀኑን አስተካከልኩት። ኦርቢ ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ተዘጋጀች። ደስታዬ ግን አንድ ቀን አልሞላም። በማግስቱ ጋሽ በቀለ ጃንጥላቸውን እንደ ጦር ይዘው ገቡ። በስተኋላቸው አንድ ከዴራ የመጡ ሽማግሌ ከብት አርቢ ቆመዋል።

«ዘሀራ! ምን አድርገሽ ነው ያዋረድሽኝ?»

«ምን ሆኑ ጋሽ በቀለ?»

«የእኚህን ሰው አቤቱታ መዝገብ ቤት አልቀበልም አለኝ። ቀኑ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል! ሰውየው ገና ሊበደሉ ነው ወይ ብሎ ሳቀብኝ! እኔን!»

ሽማግሌው በጨዋነት፣ «ልጄ፣ ሰባት ዓመት መጠበቅ ካለብኝ እኮ እጠብቃለሁ፤ በሬው ግን አይጠብቅም» አሉኝ።

በእጄ አስተካክዬ አተምኩላቸው። ጋሽ በቀለ ግን ቁርጡን ነገሩኝ፤ በእጅ ማረሙን አንድ ቀን ትረሺዋለሽ፣ ወይ የማሽኑን ቀን ወደ ነበረበት መልሺ፣ ወይ አቤቱታዬን ከመናኸሪያው ማዶ ወዳለው ታይፕ ቤት እወስዳለሁ። ብመልሰው ሄንሪክ እርም ባለኝ ቁጥር ኦርቢን ዳግም ማዘጋጀት አልችልም፣ የሲሬ ክፍል የዴስክ መጋዘን ሊሆን ነው፤ ባልመልሰው ሱቄ ሊዘጋ ነው። ሦስት ጠዋት አሰብኩ። በአራተኛው ታየኝ። እጄ ላይ አዲስ ቋንቋ አለ አይደለም እንዴ? ማሽኑ በዓለም ቀን ይኑር፣ እኔ ደግሞ በኦርቢ የእኛን ቀን የሚያወጣ ፕሮግራም ልጻፍለት! መጽሐፏን ከመምህር ገመቹ ተዋስኩ። ሠላሳ እያለ አሥራ ሁለት ጊዜ ቆጥሮ፣ የተረፈውን አምስት ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ደግሞ ስድስት፣ ጳጉሜ ብሎ የሚጠራ። በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያው ፕሮግራም እሱ ነው። ጋሽ በቀለ መጥተው የባሕረ ሐሳብ ሊቅ ያህል መረመሩት፤ የአባታቸውን ተዝካር ቀን ጠየቁት፣ የልጃቸውን ክርስትና ጠየቁት። ሁሉንም መለሰ። በመጨረሻ መነጽራቸውን ጠርገው፣ «ጥቅምት ሃያ ዘጠኝንም አወቀ?» አሉ። አወቀ። «እንግዲያው አቤቱታዬ እዚሁ ይቀመጣል» አሉና ጃንጥላቸውን ጥግ አስደገፉ።

ነሐሴ ሲያልቅ ሄንሪክ አንድ ነገር ጎደለ አለ። ጥቅሉ በየማሽኑ ሲዘጋጅ ኦርቢ በትክክል እንደምትሠራ የሚያረጋግጥ መፈተኛ ያስፈልጋል። ያለኝን ላክሁለት፤ የቀን ቆጣሪዬን፣ አንድ ተራ ዓመት በየትኛው ቀን እንደሚያልቅ እንዲጠየቅ አድርጌ። «ይህ አሥራ ሦስተኛ ወር ምንድን ነው? ስህተት ነው?» ብሎ ጻፈ። «ስህተት አይደለም፣ አገሬ ነው። ማሽኖቻችሁ ይልመዱት» አልኩት። ለመዱት። አንዱ ሲቀር። ጳጉሜ ሁለት ቀን ከሰዓት ከሄንሪክ የመጣው ዝርዝር ላይ የማሽኖቹ መልስ በተራ ሰፍሯል፤ ጳጉሜ አምስት፣ ጳጉሜ አምስት፣ ጳጉሜ አምስት... ከመጨረሻው የአሮጌዎቹ ማሽኖች ዓይነት ጋ ስደርስ «ጳጉሜ ሰባት» ይላል።

ጳጉሜ ሰባት! በዓለም ላይ የትኛውም መሐንዲስ ቢያየው ቁጥር ነው ብሎ ያልፈዋል። የአሰላ ሕፃን ግን ይስቃል። ያ የተሳሳተው ማሽን ደግሞ ዓይነቱ ከሲሬዎቹ አሥራ ሁለት ኮምፒዩተሮች ጋር አንድ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ኦርቢ ስትዘጋጅ አዳዲስ ማሽኖች ብቻ የሚያውቁትን የስሌት አቋራጭ እንድትጠቀም አዝዤ ነበር። አሮጌዎቹ ላይ ሳትጮህ፣ ሳትቆም፣ ዝም ብላ ሒሳብ ትሳሳት ነበር። ያ ባይገኝ የሲሬ ልጆች ዓመቱን ሙሉ የተሳሳተ ሒሳብ ይማሩ ነበር። አቋራጩን ማጥፋት አንድ መስመር ነው። ግን አንድ ሙሉ ዝግጅት እንደገና መሠራት፣ መላክ አለበት፤ በሩ ነገ ይዘጋል።

ነገ ጳጉሜ ሦስት ነበር። ስነሳ የእኛ ሰፈር መብራት የለም። ፈረቃ ነው። መናኸሪያው አካባቢ ግን አለ። ሲፒዩውን ነቅዬ በላስቲክ ጠቅልዬ በር ላይ ስወጣ ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ያን ቀን ሩፋኤል ነው፤ ክርስቲያኑ ጠበል ነው ብሎ ዝናቡ ውስጥ ይቆማል፤ ልጆች በየመንገዱ እየዘለሉ ይጮሃሉ። ጋሽ በቀለም ባርኔጣቸውን አውልቀው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ቆመዋል። ሲያዩኝ መጡ።

«ምን ታቅፈሽ ነው?»

«ማሽኑን። ዛሬ ካልላክሁ አለቀ።»

ጋሪ አስቆሙ። ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ለራሳቸው መስሎኝ ነበር፤ ማሽኑ ላይ ያዙት። መናኸሪያው እስክንደርስ ሁለታችንም እስከ አጥንታችን ራስን፤ ኮምፒዩተሩ አንድ ጠብታ አልነካውም። «የእኔን ጠበል እኔ ልጠጣ፤ እሱ ግን ዛሬ ጾም ላይ ነው» ይሉ ነበር እየሳቁ። ኢንተርኔት ቤቱ ውስጥ ከጣሪያው ዝናብ ጩኸት የተነሳ አንዳችን የሌላችንን አንሰማም። ዝግጅቱ አለቀ። ማሽኔ አሮጌ መስሎ እንዲሠራ አዝዤ ቆጣሪውን ጠየቅሁት፤ ጳጉሜ አምስት። መላክ ጀመርኩ። መስመሩ ሁለቴ ተቋረጠ። በሦስተኛው ሄደ። ጋሽ በቀለ ከኋላዬ ቆመው ልብሳቸው ወለሉ ላይ እየተንጠባጠበ፣ «ምን አለ? ምን አለ?» ይሉኛል። ብዙ አልቆየም፤ የሄንሪክ መልስ መጣ። አንድ መስመር ነበር፦ «ሁሉም ማሽን ጳጉሜ አምስት አለ። ገብቷል። እንኳን ደስ ያለሽ።» አነበብኩላቸው። እልል ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ወንድ ሽማግሌ፣ ውሃ እየተንጠባጠቡ፣ ኢንተርኔት ቤት መሃል። ሰዉ ሎተሪ የደረሰን መሰለው።

ሲዲው በጥር በፖስታ መጣ። ለመምህር ገመቹ ደውዬ በማግስቱ ተሳፈርኩ። ዴራ ስደርስ የቆላው ሙቀት ስለሚጀምር እንደ ልማዴ ሹራቤን አወለቅኩ፤ መኪና ለውጬ ሲሬ ገባሁ። ክፍሉ በር ላይ ርዕሰ መምህሩ ቆመዋል፤ ከጎናቸው አራት ዴስክ ተደርድሮ ይጠብቃል። መምህር ገመቹ ሲዲውን በአንዱ ማሽን አስገብቶ የኦርቢን ስም ብቻ ጻፈ። ሌላ አላስፈለገም፤ እሷ የምትፈልገውን ሁሉ ራሷ ጠርታ ተቀመጠች። ርዕሰ መምህሩ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን አነበቡ።

«አዘጋጅ፣ ዘሀራ... አሰላ። ይቺ ዘሀራ ማን ናት?»

«አጠገብዎ የቆሙት ናቸው» አላቸው ገመቹ።

ቀና ብለው አዩኝ፤ ሹራቤን ክንዴ ላይ አንጠልጥዬ፣ የመንገድ አቧራ ለብሼ። ከዚያ ዘወር ብለው ለዘበኛው፣ «እነዚህን ዴስኮች ወደ ውስጥ አስገባልኝ። ተማሪዎቹ ምን ላይ ሊቀመጡ ነው?» አሉት። መምህር ገመቹ እጄን ይዞ «ገለቶማ፣ እትዬ» ብሎ አመሰገነኝ።

ዛሬ ጋሽ በቀለ የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር። ጃንጥላቸው ግን ሱቄ ጥግ ተደግፋ አለች፤ ለማንም አላውስም። የዛሬ ስልክ ሁሉ የእኛን ቀን ያውቃል፣ ታይፕ የሚያስመታ ሰው ጥቂት ነው፣ የምኖረው በጉርድ ፎቶና ማመልከቻ በመሙላት ነው። ኦርቢን ግን አልተውኳትም። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ጠዋት ሱቅ ሳልከፍት አዘጋጅቼ እልካለሁ። ሄንሪክ ጡረታ ወጥቷል፤ ሲሰናበተኝ መፈተኛውን ማንም እንዳይነካው የሚል ማስታወሻ አስቀምጦ ነው የሄደው። ትናንት ያ የብቅል ሽታ ሲመጣ ስልኬ ጮኸ፤ ስሙን እንኳን በቅጡ የማልጠራው አዲስ ዓይነት ማሽን፣ አይቼው በማላውቀው አገር፣ ኦርቢን ለማዘጋጀት ሞክሮ መልሱን ልኮልኛል። ከፍቼ አነበብኩት። ጳጉሜ አምስት ይላል። እለፍ አልኩት።